አንድ ለአንድ ሳለን መብራት ጠፋ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ልናገር ስንት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጄ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ አረም አውርቼ ተመልሻለሁ። እኔ ራሴ የሰው ኃጢአት ሰሚ ነኝ፤ ቄስ ነኝ። ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው የሰረቁትን፣ የተመኙትን፣ የረገሙትን ይነግሩኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይፍታ» እላለሁ። የኔንስ ማን ሰማ? ዛሬ እናንተ ስሙኝ። ከሰማችሁኝ በኋላ ግን ቶሎ ለመፍታት አትቸኩሉ።

እኔ በሐሰት ምዬ፣ በሐሰት መስክሬ፣ ንጹሕ ሰው አሳስሬአለሁ። ሰውየው እስከዛሬ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ከምኖርበት ቤት በእግር በሚደረስ ማረሚያ ቤት ውስጥ ነው።

ስሙ ይበልጣል ነው። ጓደኛዬ ነበር። ቡሬ ከተማ ኳስ የሚታይበት ቤት ውስጥ ይሠራል፤ አግዳሚ ይደረድራል፣ ዲሹን ያስተካክላል፣ ሰው ሲወጣ ይጠርጋል፣ ጓዳው ውስጥ ያድራል። እኔ ከማዶ ባለው ደብር ዲያቆን ነበርኩ። ከቅዳሴ ስወጣ ነጠላዬን አጣጥፌ የምሮጠው ወደሱ ነው። ቡድናችን አንድ ነበር፤ ያ እንግሊዝ አገር ያለ፣ በየዓመቱ «ዘንድሮስ» አሰኝቶ ሚያዝያ ላይ ጉድ የሚሠራን ቡድን። ስሙን አልጠራም፤ ደጋፊዎቹ ይህን ሲሰሙ ያውቁታል።

ያ ዓመት ለኔ ትልቅ ዓመት ነበር። የደብራችንን መሪጌታ ልጅ አጭቻለሁ፤ ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል፤ ከሰርጉ በኋላ ቅስና ልቀበል ነው። መሪጌታ ጥብቅ ሰው ናቸው። ኳስ ቤት የሚገባ ዲያቆን ልጄን አያገባም ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል። ስለኔ የሆነ ነገር ሳይሰሙ አልቀሩም። እኔም አፋቸውን ለማዘጋት አክፍሎት ያዝኩ፤ ከዓርብ ስቅለት እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውሃ በአፌ አይዞርም አልኩ። መሪጌታ «ተባረክ» አሉኝ። ልጅቷም ከእናቷ ኋላ ሆና ፈገግ አለችልኝ። የዚያችን ፈገግታ ዕዳ የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑን ማን ያውቃል?

ቀዳም ሥዑር ጠዋት ቄጠማ ታድሎ፣ ሰው ሁሉ እስከ ሌሊቱ ቅዳሴ ሊያርፍ ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ደጀ ሰላም ጋደም እላለሁ ብዬ ቀረሁና በግንቡ ጀርባ ወረድኩ። በሰሙነ ሕማማት ኳስ ቤቱ ይዘጋል፤ ባለቤቱ ቁልፉን ለይበልጣል ትቶ አገር ቤት ሄዷል። ጨዋታው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የጓዳውን በር አንኳኳሁ። ይበልጣል ከፈተና ግንባሬ ላይ ያሰርኩትን ቄጠማ አይቶ ሳቀ።

«አንተ ዲያቆን፣ እሱንማ አውልቀው። ጌታ ያይሃል።»

አውልቄ አግዳሚው ላይ አኖርኩት። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዳቦው ቆርሶ ሰጠኝ፤ በላሁ። እህል ውሃ አይዞርም ያልኩት እኔ፣ ጌታ በመቃብር በዋለበት ቀን፣ ዳቦ እያላመጥኩ የማዕዘን ምት እጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ ገባብን። ከእረፍት መልስ አገባን፤ መጮህ ስለማንችል ተቃቅፈን አፋችንን አንዳችን በሌላችን ትከሻ ቀበርን። አንድ ለአንድ ሳለን፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ መብራት ጠፋ። የከተማው አይደለም። የቤቱ ቆጣሪ በካርድ የሚሞላ ነው፤ የተሞላው አለቀ። መሙያውም በዓል ብሎ ዘግቷል። ያኔ በኪሳችን ያለው ስልክ ከመደወል ያለፈ ነገር አያውቅም። መስኮቱ ዝግ ስለነበር ጨለማ ውስጥ ጎን ለጎን ቀረን። «ተወው፣ በአቻ ነው የሚያልቀው» አልኩት። «ዘጠና ደቂቃ ሳይሞላ አልቋል አይባልም» አለኝ። ቄጠማዬን መልሼ አስሬ ወጣሁ። የዚያን ቀን ኃጢአቴ ዳቦና ኳስ ብቻ ነበር። ምነው በዚያ በቀረ።

እኛ ኳስ ስናይ፣ ከቡሬ በእግር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ፣ አንድ ገበሬ እርሻው ድንበር ላይ ተገደለ። ሟቹ ከይበልጣል እናት ጋር በዚያው ድንበር ይካሰስ ነበር። ይበልጣልም በገበያ መሐል «የናቴን መሬት ነክተህ በሰላም አትኖርም» ብሎት፣ ብዙ ሰው ሰምቷል። ማታውን ይበልጣልን ከጓዳው ያዙት።

በትንሣኤ ማግስት ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ፤ አብሮኝ ነበር ብሎ ስሜን ጠርቶ ነበር። መሪጌታ «የኔ ልጅ ብቻውን አይሄድም» ብለው ተከተሉኝና በሩ አጠገብ ቆሙ። ይበልጣል እጁ ታስሮ ተቀምጧል። መርማሪው ኳስ የሚወድ ሰው ነበር።

«እስቲ ካየኸው፣ ስንት ለስንት አለቀ?» አለው።

«መብራት ሲጠፋ አንድ ለአንድ ነበርን።»

«ከተማው ውስጥ መብራት አልጠፋም። ጨዋታውም ሁለት ለአንድ ነው ያለቀው። ያንተዎቹ በባከነ ሰዓት አግብተው አሸነፉ።»

የይበልጣል ፊት በራ። ካቴናውንም፣ መርማሪውንም፣ የሞተውንም ሰው ረሳ። ወደ እኔ ዞረና «አሸነፍን?» አለኝ። እኔን ነው የጠየቀኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ፣ መብራቱ ሲጠፋ አብሬው የነበርኩት እኔ ነኛ። መርማሪው ግን ያንን ፈገግታ ጭካኔ ብሎ ያዘበት። ከዚያ እኔን ጠየቀ። መሪጌታ ሲያስሉ ሰማሁ።

«እኔ አክፍሎት ላይ ነበርኩ፤ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣሁም» አልኩ። ይህ አልበቃኝም። «ቀዳም ሥዑር ኳስ የሚታይበት ቀን አይደለም» ብዬ ጨመርኩ።

ለምን ጨመርኩ? ይህን ራሴን ስጠይቅ እኖራለሁ። የመጀመሪያው ፈርቼ ነው እንበል። ሁለተኛዋን ምን አናገረኝ? እሷ ናት ይበልጣልን የቀበረችው፤ የሰሙ ሁሉ «እውነቱን ነው» አሉ። ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ቀርቤም እጄን አንሥቼ ምዬ ያንኑ ደገምኩ። የኳስ ቤቱ ባለቤት ቤቱ ዝግ ነበር አለ፤ እሱ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይበልጣል ረጅም እስራት ሲፈረድበት አልጮኸም፤ አልሰደበኝም። ብቻ እየወሰዱት ሳለ የሆነ ነገር የረሳ ሰው ይመስል ዘወር ብሎ አየኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ። ሰርጉ ይለፍ አልኩ፤ አለፈ። ቅስናውን ልቀበል አልኩ፤ ተቀበልኩ። ልጅ ይወለድ፣ መሪጌታ ይረፉ እያልኩ ቀጠሮ ስሰጥ ኖርኩ። መሪጌታም በእኔ እንደኮሩ አረፉ።

እናቱ፣ እማማ ጠጄ፣ ከፍርዱ በኋላ አንድ ቀን ደብራችን ድረስ መጡ። ቅጽሩ ጥግ ወስደው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አንተ ታቦት ታገለግላለህ። የወለድኩትን ላምን ወይስ አንተን ላምን? ካንተ ጋር ነበር?»

«አልነበረም እማማ» አልኩ።

እጄን ስመው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ልጃቸውን አንድ ቀንም አልጠየቁትም፤ ነፍሰ ገዳይ አልወለድኩም እንዳሉ ሞቱ። እኔ ከቡሬ ሄጄ ፍትሐት ላይ ቆምኩ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያህል መዋረድ ይችላል? አላውቅም፤ እኔ ግን ከዚህም በታች ወርጃለሁ።

ፍኖተ ሰላም ከተመደብኩ ጀምሮ፣ በዓል ሲሆን ማረሚያ ቤት ገብተን እስረኞችን እናስተምራለን። መጀመሪያ እንደ ገባሁ አየኝ። ፀጉሩ ሸብቷል። እኔ መሬቱን አየሁ። እሱ መጥቶ መስቀሌን ተሳለመና «አባ፣ እንደምን ነዎት?» አለኝ። አንድ ዳቦ አብሮኝ የቆረሰ ጓደኛዬ አንቱ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቅዳሜ ስንት ለስንት ወጣን?» ብሎ ጠየቀኝ።

እስረኞቹ «ዘጠና» ነው የሚሉት። ቡድኑ ሲመራም ሲመራበትም «ዘጠና ደቂቃ አልሞላም» ስለሚል ነው። አዲስ እስረኛ ፍርዱን ሰምቶ እህል አልበላ ሲል፣ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ወደ ዘጠና ይወስዱታል። ዘጠናም ያችን ጨዋታ ይተርክለታል፤ እንዴት እንደገባባቸው፣ እንዴት እንዳገቡ፣ መብራቱ እንዴት እንደጠፋ። «እኛ ጨለማ ውስጥ አንድ ለአንድ ነን ብለን ስናዝን፣ ለካ አሸንፈናል። የነገረን ሰው አልነበረም እንጂ። የኔም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አልቋል፤ አንድ ሰው መጥቶ ውጤቱን እስኪነግረኝ ነው» ይለዋል። እኔ መስቀሌን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ይህን ሰምቻለሁ። ያ ሰው ማን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቼ ሻማ ይፈልጋሉ፤ እኔ ከተቀመጥኩበት አልነሣም። ከጎኔ አንድ ሰው ሲተነፍስ እሰማለሁ።

አንድ ፋሲካ ሰሞን፣ ግቢው ውስጥ እስረኞች ተሰብስበው ሳለ ይበልጣል ተነሣ። ተደብቆ አይደለም፤ ሁሉም እየሰማ ነው።

«አባ፣ የምናዘዘው አለኝ። በቀዳም ሥዑር ኳስ አይቻለሁ። ጾሜንም ሽሬአለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ «ከማን ጋር ነው ያየኸው?» አለው።

«እሱን ራሱ ይናዘዝ። የሰው ኃጢአት አልናዘዝም» አለና ተንበረከከ።

አጎንብሶ ጠበቀኝ። በሩን ከፍቶልኛል፤ እንደዚያን ቀን በጓዳው በኩል። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። እኔስ ምን አደረግኩ? ቀኖና ሰጠሁት። አርባ አንድ ስግደት ስገድ አልኩት። ከእኔ ጋር ለሠራው ኃጢአት፣ እኔ ለካድኩት ኃጢአት፣ እኔ ቀጣሁት። እሱም እዚያው በፊቴ ሰገደ። ግንባሩ አቧራ ለብሶ ሲነሣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አልኩት። ይህን ሞቼም የምረሳው አይመስለኝም።

ባለፈው በዓል ደግሞ ሄድኩ። ቡድናችን ዘንድሮ እንደ ልማዱ ጉድ አልሠራንም። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅነውን ዋንጫ ወስዷል። ልነግረው እየቸኮልኩ ገባሁ፤ ሌላውን መንገር ያቃተው አፍ ይህን ሊያበስር ቸኮለ። ይበልጣል ግንቡን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። መስቀሌን ተሳለመ። ስንት ለስንት አላለኝም። ጠበቅኩ፤ አላለኝም። በመጨረሻ እኔው «ሰማህ? ወሰድነው እኮ» አልኩት።

«ሰማሁ አባ። ለወሰዱት ደስ ይበላቸው» አለኝና ዓይኑን ጨፈነ።

ወሰድን አላለም። ወሰዱ አለ። ያቺ «እኛ» የምትለዋ ቃል ናት ይህን ሁሉ ዓመት ያቆመችው፤ እሷም አለቀች። ዓመታቱን እኔ ወሰድኩበት፣ እናቱን እኔ ወሰድኩበት፤ ተስፋውን ግን አልነካሁም ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።

ነገ ጠዋት አቃቤ ሕግ ዘንድ እሄዳለሁ። ክህነቴን ይገፍፉኛል፤ ይግፈፉኝ። በሐሰት መማሌም ያሳስረኛል፤ ይሰሩኝ። ሚስቴ ይህን ከሰው ሳትሰማ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ፈራሁ፣ መሪጌታ ቆመው ነበር አልልም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የናንተ አይደለም፤ ከናንተ ልለምነው አልችልም። ያኔ መርማሪው ሲጠይቀኝ ማለት የነበረብኝን ብቻ ልበል።

ቀዳም ሥዑር፣ ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ኳስ ቤቱ ውስጥ ነበርን። ዳቦ ቆርሶ ሰጥቶኛል። አንድ ለአንድ ሳለን መብራት ጠፋ። ይበልጣል ከእኔ ጋር ነበር።