የራበው ሞተር

ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የምቀመጥበት ወንበር የልጄ መኪና ወንበር ነበር። ስትጠራኝ እምቢ ያላልኩትም ለዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ በአረጋውያን ቤት ሰው ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ፣ እግሬ አብጦ እመጣለሁ። ሰፈራችን ሮቫ ዩድ ስወርድ ልጄ ከሕንፃችን ሥር ኮፈኑን ከፍታ ትጠብቀኛለች።

"ኢማ፣ ግቢና ነዳጅ ስጪልኝ" ትላለች፤ ኢማ በዕብራይስጥ እማ ማለት ነው።

እገባለሁ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ በቀኝ እግሬ እረግጣለሁ። መንዳት አልችልም። ከእኔ የሚፈለገው ስትለኝ መርገጥ፣ ስትለኝ መልቀቅ ነው።

መኪናዋ ከልጄ በዕድሜ የምትበልጥ ትንሽ መኪና ናት። ልጄ በሠራዊቱ ውስጥ መካኒክነት ተምራ ወጣች፤ አሁን ጋራዥ ትሠራለች። በደቡቡ በረሃ የጀማሪዎች ራሊ፣ የመኪና ውድድር አለ፤ በአቧራ መንገድ ላይ በሰዓት እየተለካ ይሮጣሉ። እሷም ጓደኛዋን መንገድ እንድትነግራት ከጎኗ አስቀምጣ ልትወዳደር ተመዘገበች። ቀኑ ዓርብ ነው።

ዓርብ ስትለኝ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት እንደሚገባ አሰብኩ። የማስበውን ታውቀዋለች።

"ቀትር ላይ ያልቃል" አለች። "ሰንበት ሳይገባ ቤት ነኝ።"

"መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆምስ?"

"እሱን እኮ ነው የምንሠራው፣ ኢማ።"

ችግሩ ይኸው ነበር። ሞተሩ ሲግልና እግር ከነዳጁ ሲነሳለት ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። በረሃ ላይ ከጠፋ ልጄ ሰንበትን መንገድ ላይ ትሽራለች ማለት ነው። ስለዚህ ደክሞኝም ቢሆን በየምሽቱ ረገጥኩ።

ባለቤቴ ወደዚህ አገር ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እዚህም ወደቡ ላይ ማሽን ሲጠግን ኖረ። ከታመመ ወዲህ ግራ እጁ አይታዘዝለትም፤ ዕብራይስጡም ጠፋበት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል አለኝ። የቀረለት አማርኛው ነው፤ እሱንም ቆጥቦ ነው የሚያወጣው። የልጄ አማርኛ ደግሞ ከማዕድ ቤት አያልፍም፤ ቅዳው፣ ዝጊው፣ ደህና እደሩ። ሁለቱም ሞተር ያውቃሉ፤ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን የላቸውም። ስለ ሞተር የማላውቀው እኔ መሀል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ።

እሱን ከቤት ያወጣነው በልመና ነው። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አውርደን ከመኪናዋ አጠገብ አስቀመጥነው። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። ሞተሩ ጋለ። ልጄ አጎንብሳ ካቻቢቴዋን ይዛለች። ድምፁ መንገዳገድ ሲጀምር ባለቤቴ ራሱን ቀና አደረገ።

"ራበው" አለ።

"ምን አለ?" አለችኝ ልጄ፤ በሞተሩ ጩኸት አልሰማችውም።

በዕብራይስጥ "እሱ ራበው" አልኳት።

ካቻቢቴዋን አስቀመጠች፤ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ ደረጃውን ወጥታ ሄደች። የት እንደምትሄድ አላወቅሁም። እግርሽን አንሺ ያለኝ ስለሌለ እንደረገጥኩ ቆየሁ። ተመልሳ ስትመጣ ዳቦ በእንቁላል በሳሕን ይዛለች። አባቷ ጭን ላይ አኖረችው።

ሳሕኑን አየው። እኔን አየኝ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"አባ፣ ራበኝ አልክ።"

"እኔ? ሞተሩን ነው ያልኩት።" ሳሕኑን በደህና እጁ አነሣና፣ "ታዲያ እኔ ልብላው ወይስ ካርቡራተሩ ውስጥ ልጨምረው?" አለ።

ከታመመ ጀምሮ ይህን ያህል ረጅም ነገር ተናግሮ አያውቅም። ለልጄ ስተረጉምላት ተንበርክካ እስክትቀመጥ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ እግሬ ከነዳጁ ተነሣና ሞተሩ ጠፋ።

"ሰነፍ ረዳት ነው ያለሽ" አላት።

"ሌላ የለኝም" አለች በአማርኛ።

ከዚያ ጠየቀችው፤ በእኔ በኩል ነው እንግዲህ፤ የራበው አየር ነው ወይስ ቤንዚን?

"ቤንዚን ነዋ። አየርማ ጠግቧል።"

ቤንዚኑን ከአየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ አዞረች። እኔ ረግጬ ለቀቅሁ።

"ጨምሪ" አለ። "ቀስ። ቀስ በይ እንጂ፣ ልጅ እያጎረስሽ ነው።"

እንዲህ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ እኔን መጠየቅ ተዉ። እሷ "ራበው?" ትለዋለች፤ እሱ "አይ፣ ጠገበ፤ እንዲያውም ሊያስመልሰው ነው" ይላል። በጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ሲወጣ እውነትም እንደዚያ ይመስል ነበር። አንዳንዴ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝና እግሬ ይለቃል። "ኢማ" ትለኛለች። እረግጣለሁ። ከታመመ ወዲህ ከቤት አልወጣም ያለው ባለቤቴ ስዘገይ በመስኮት "አልመጣችም?" እያለ ይጠይቅ ጀመር። ድካሜ አልቀነሰም። ግን አምላኬን አመሰገንኩ።

ሐሙስ ማታ ሞተሩ ከጋለ በኋላ "ልቀቂ" አሉኝ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ለቀቅሁ። ድምፁ ወረደ፤ ዝግ አለ፤ አልጠፋም። ባለቤቴ በደህና እጁ ኮፈኑን ነካ ነካ አደረገው። እኔ በልቤ፣ አምላኬ፣ ነገም እንዲሁ አድርግልኝ አልኩ።

ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ ልጄና ጓደኛዋ ሄዱ። እኔ የሰንበቱን ምግብ አሰናዳሁ፤ ቤቱን ጠረግሁ፤ ባለቤቴን አጠብኩት። ቀትር አለፈ። ስልክ የለም። ልብሴን ቀይሬ በመስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ስልኩ ጮኸ።

"ኢማ፣ ሞተሩ ደህና ነው" አለች መጀመሪያ። "አንዴም አልጠፋም። ፀሐይዋ ናት የቀደመችኝ።"

በአቧራው ምክንያት ዘግይተው አስጀመሯቸው፤ ሲመለሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። እንደማትደርስ ስታውቅ በአቅራቢያዋ ወዳለው ሞሻቭ፣ ወደ ገበሬዎቹ መንደር ታጠፈች። አንዲት አሮጊት ከበራቸው ላይ ሆነው አዩአቸውና ግቡ አሏቸው።

"መንዳት እችል ነበር" አለች። "የሚያየኝ አልነበረም። አልቻልኩም።"

"ምን ለብሳችኋል?" አልኳት።

"አቧራ።"

"ሴትዮዋ ልብስ ይሰጧችኋል። ታጠቡ። እግዚአብሔር ይስጣቸው በይልኝ።"

"አባ እዚያ ነው?"

ባለቤቴ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። "ስንተኛ ወጣሽ በያት" አለኝ።

"ጨረስን በይው" አለች። "ኢማ፣ ልዘጋ ነው። ጊዜው ደረሰ። ሻባት ሻሎም።"

የሰንበት ሰላምታዋን ተቀብዬ ስልኩን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

"መኪናዋ ቆመች?" አለኝ ባለቤቴ።

"አልቆመችም። እሷ ናት ያቆመቻት።"

ይህን ካሰበበት በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

ሻማዬን አበራሁ። እናቴ በጀርባዋ አዝላኝ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ስትመጣ፣ ዓርብ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰዉ ሁሉ ጓዙን አውርዶ በደረሰበት ሰንበትን ያከብር እንደነበር ትነግረኝ ነበር። ለልጄ ነግሬያት ይሁን አይሁን አላስታውስም። በማላውቀው ቤት፣ በሰው ልብስ፣ ልጄ ሰንበትን ተቀብላለች። ሁለት ሳሕን ብቻ አቀረብኩ። ባለቤቴ ዳቦውን ባርኮ ቆረሰ። ከበላን በኋላ ማመስገን ጀመርኩ፤ የምለው ብዙ ነበር፤ ግን ሳልጨርሰው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሱም አልቀሰቀሰኝም።