ባለ ሁለት ገበር ቃል

አጎቴ የጉምሩክ ፈታሽ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሻንጣ ሲከፍት ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ መሥሪያ ቤቱን እንጂ ሥራውን አልተወም። ዘዴው ያለው አንዲት ሜትር ላይ ነው። ሻንጣውን መጀመሪያ ከውጭ ይለካል፣ ቀጥሎ ከውስጥ። «ከውጭ ሠላሳ፣ ከውስጥ ሃያ ስድስት። አራቷ የት ሄደች?» ይላል። አራቷ ገበሩ ሥር ትገኛለች፤ ባለ ሻንጣው ደግሞ ላብ በላብ ይሆናል።

ችግሩ ሰውንም እንደዚያው መለካቱ ነው። እናቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገኝ እሱ፣ ወንድሟ ነው። አብልቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮኛል። ግን «ደህና ዋልኩ» ስለው እንኳ ከውጭም ከውስጥም ይለካኛል። «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ሲል ነው ያደግኩት። ጥርጣሬ በደም ይተላለፋል መሰለኝ፣ እኔም ሳድግ የሚስቅልኝን ሰው ሁሉ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

የተጣላነው በሳንስክሪት ነው። መሳቅ ይቻላል። መነጽር ቤት ነው የምሠራው። አንድ ቀን አንዲት ጡረተኛ መምህርት ፍሬም ሊያስጠግኑ መጥተው፣ ብሎን እስካጠብቅ ድረስ በለሆሳስ ግጥም አሉ። አንዲት ቃል ባይገባኝም ጆሮዬ ላይ ቀረ። ጠየቅኳቸው፤ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የተጻፈ ግጥም እንደሆነ፣ ለፈለገ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ እንደሚያስተምሩ ነገሩኝ። ጀመርኩ። ለአጎቴ ለጋሼ አልነገርኩትም፤ የነገርኩት ሁሉ ይለካላ!

በሦስተኛው ወር ደብተሬን አገኘው። ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ከመስመር የተንጠለጠሉ ፊደሎች። የቦርሳዬን ገበር በምላጭ ተርትሮ ምንም ሲያጣ፣ ደብተሩን ይዞ የድሮ ባልደረቦቹ ዘንድ ሄደ። «ይህ የምን ምልክት ነው?» ብሎ። ደብተሬን ከጉምሩኩ ጥበቃ እጅ የተቀበልኩት እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ እየታየሁ ነው። በዚያው ቀን ልብሴን ሰበሰብኩ። በር ላይ ሻንጣዬን ከፍቼ «ፈትሽ!» አልኩት፣ ያፍራል ብዬ። ሜትሩን አወጣና ለካ።

ሁለት ዓመት አልተያየንም። ከመነጽር ቤቱ በላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ደረጃው ሲንቋቋ እሱ ይሆን እላለሁ፤ አይደለም። ናፈቀኝ፣ ምን ይደረግ። ግን ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ልሁን? በመጨረሻ ፖስታ ካርድ ላይ አዲሱን አድራሻዬንና በሳንስክሪት አንዲት ቃል ብቻ ጽፌ ላክሁለት፦ ማማጋቻ።

በሳንስክሪት ቃላት እየተያያዙ ይጻፋሉ፤ የት ላይ እንደምትቆርጠው ነው ትርጉሙ። ማማጋቻን «ማም አጋቻ» ብለህ ከቆረጥካት «ወደ እኔ ና» ናት። «ማ ማ አጋቻ» ካልካት ደግሞ «አትምጣ፣ አትምጣ» ትሆናለች። እኔም በዚያን ሰሞን ሁለቱንም ነበርኩ። የፈለገውን ይምረጥ አልኩ። ከመጣ መጣ፣ ከቀረም ቁርጤን አውቃለሁ።

ጋሼ ካርዱን ይዞ የሄደው መምህርቷ ዘንድ ነው፤ ስማቸውን ያኔ ደብተሬ ላይ አይቶት ኖሯል፤ ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው። እንደገባ መታወቂያ ጠየቃቸው። መምህርቷ ሳቃቸውን ውጠው አሳዩት።

«ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?» አላቸው።

«ብነግርዎ ያምኑኛል?»

«አላምንም።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለው ይማሩ።»

ተማረ። ፊደሉን በሦስት ሳምንት ጨረሰ። ግጥሙን ግን እንደ ተጠርጣሪ ነበር የያዘው። «ይሄ ሁሉ የሎተስ አበባ ምን ሊደብቅ ነው?» ይላል። «የሴት ፊት ጨረቃ ነው የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር አለው» ይላል። እያንዳንዱን መስመር በጣቱ ይቆጥራል፤ ልኩ ሞልቶ ሲያገኘው ይብስ ይጠረጥራል። አንድ ቀን መምህርቷ አንዲት ስንኝ ሰጡት፤ በአንድ በኩል ሲቆርጧት የንጉሥ ውዳሴ፣ በሌላ በኩል የንጉሥ ስድብ። ጋሼ ከወንበሩ ተነሣ። «ሰምና ወርቅ ነው በሉኛ! ገበር አላት!» ከዚያ በኋላ ከትምህርቱ ቀርቶ አያውቅም።

ጋሼን የሰበረችው ግን ገበር የሌላት ስንኝ ናት። አንዲት ሴት መንገድ ላይ የጋሪ ድምፅ ሰምታ ትነሣለች፤ ጋሪው ያልፋል፤ ትቀመጣለች። ይኸው ነው። ጋሼ አንድ ሳምንት ቆራረጣት። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከመሀል።

«ምንም የለባትም» አላቸው በመጨረሻ።

«የለባትም» አሉ መምህርቷ።

«ከውጭም ከውስጥም እኩል ናት።»

ደብተሩን ከደነ። ከዚያ «የእኔም ቤት በር እንደዚህ ነው፤ ኮቴ ስሰማ እነሣለሁ፣ ያልፋል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም። ካርዱን ከላክሁ ሰባት ወር አልፎ ተስፋ ቆርጫለሁ። መምህርቷ ማክሰኞና ሐሙስ እኔን፣ ሰኞና ዓርብ እሱን እያስተማሩ ለሁለታችንም አንድ ቃል አልተነፈሱም። አንድ እሑድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ጋሼ ነው። ከስቷል፤ ካርዴን ይዟል። ደስታዬ ከጥርጣሬዬ እኩል መጣ። ምን ፈልጎ ነው?

ገብቶ ክፍሏን በዓይኑ ለካ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሻንጣዬ። ሻንጣዋ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ሰበረ።

«ቃልሽን ፈተሽኳት» አለኝ።

«እና?»

«ወደ እኔ ና ትላለች። አትምጣም ትላለች። እልኸኛ ነሽ፣ ሁለቱንም እያወቅሽ ነው የጻፍሽው።»

«አዎ።»

«ሦስተኛዋንስ?»

«ሦስተኛ የላትም» አልኩ።

ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በጥፍሩ አንድ ቦታ ላይ ቆረጣት። «ማማ፣ አጋቻ። ማማ የእናት ወንድም ማለት ነው። አጎቴ፣ ና ብለሻል። አንቺም አታውቂያትም፤ ከታች ነበረች።»

መምህርቷ ይህን ቃል ገና አላስተማሩኝም ነበር። እጄ ብቻውን ጠርቶት ኖሯል። እንባዬን እንዳያይ፣ የእሱ ልጅ ነኝና፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጀርባዬን ሲያይ እሱ ደግሞ ጠረጠረ። የጠላሁት መሰለው።

«እንግዲህ አየሁሽ» ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። «ደብተርሽን... እሱንስ ማድረግ አልነበረብኝም።» የበሩን እጀታ ያዘ።

«ማማጋቻ» አልኩት።

ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠኝ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። «ና ማለቱም፣ አትምጣ ማለቱም አሁን ልክ አይሆንም» አለ። «መጥቻለሁ።»

«አራተኛ አላት። ሌላ ቦታ ቁረጣት፣ ጋሼ። ማ፣ ማ፣ ጋቻ።»

የሜትሩ ጫፍ ከኪሱ ይታያል፤ አልነካውም።

«አትሂድ» አለ ቀስ ብሎ። «አትሂድ።»

ባርኔጣውን ሻንጣዬ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።