ከየቤቱ ያልተነሳ ወተት

ልጄ ፈቀደ ኮምፒውተር ይሠራል ስል ሰው ሁሉ የተበላሸ የሚጠግን ይመስለዋል። አይደለም። በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት፣ በየከተማው ያሉት መጋዘኖች የያዙትን መረጃ አንድ ላይ የሚያመጣው እሱ ነው። የሆሳዕናው መጋዘን በአሮጌ ማሽን ይመዘግባል፣ የሶዶው በአዲስ፤ የአንዱ አመዘጋገብ ለሌላው አይገባውም። የኢንተርኔት መስመሩም ደካማ ነው። ስለዚህ ፈቀደ በየወሩ ራሱ ይወርድና የሁሉንም በዲስክ ገልብጦ ያመጣል፤ ከዚያ ቅዳሜውን ሲያዋህድ ይውላል። ከዓለም ባንክ ሰፈር ቤቴል እኔ ቤት ለምሳ ሲመጣ እንኳ ላፕቶፑን አቅፎ ነው።

«እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ» ትላለች ሚስቱ ሄቨን፣ ላፕቶፑን እያየች።

እኔ ግን ያንን መዞሩን እወድለት ነበር። ሆሳዕና ሲወርድ ወደ መንደራችን ጎራ ብሎ ታላቅ እህቴን አልማዜን ያይልኛላ! እትዬ አልማዜ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ስልክ አይሆናትም። ፎቶ ላንሳሽ ሲሏት ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች። እኔን ደግሞ ጉልበቴ አስሮኛል። ከብዙ ዓመት በፊት የባለቤቴ ቀብር ላይ መጥታ ከተለያየን ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። በመካከላችን የነበረው መንገድ ፈቀደ ብቻ ነው። እኔ ሻይ ቅጠልና ስኳር ቋጥሬ እሰጠዋለሁ፤ እሷ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ትልክልኛለች። ኮባውን ስፈታ የእናታችን ጓዳ ይሸተኛል። ቅቤው ካለቀ በኋላ እንኳ ያንን ኮባ ቶሎ አልጥለውም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ፈቀደ ፊቱ በርቷል።

«እማዬ፣ ተገላገልኩ! የምንሠራበት ፕሮግራም አዲስ ማሻሻያ መጣለት። አንዴ ወርጄ ካገናኘሁት በኋላ ከተማ ለከተማ መዞር የለም፤ ቅዳሜዬም ነፃ ወጣ።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«መረጃው ካለበት አይነሳማ። የሆሳዕናው እዚያው ሆሳዕና፣ የሶዶው እዚያው ሶዶ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ካለበት እያነበበ እዚህ እንደ አንድ አድርጎ ያሳየኛል። ‹የትኛው መጋዘን መድኃኒት አነሰው?› ብዬ እንደ ሰው ብጠይቀው ይመልስልኛል።» እንዳልገባኝ አየና ጭንቅላቱን አከከ። «ዊጆ ነበራችሁ አይደል?»

ዊጆ! እኛ አገር የአንዲት ላም ወተት ብቻውን ለቅቤ አይበቃም። ስለዚህ ሴቶቹ በዊጆ ይተባበራሉ፤ ዛሬ ሁሉም ወተቷን ወደ አንዷ ቤት ትወስዳለች፣ ሌላ ቀን ወደ ሌላዋ። ተራ የደረሳት የሁሉንም ትንጣለች።

«እስከ ዛሬ የእኔ ሥራ እንደ ዊጆ ነበር፤ ከየቤቱ እያመጡ አንድ ማሰሮ ውስጥ መገልበጥ። አሁን ወተቱ ከየቤቱ ሳይነሳ አንድ ማሰሮ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታየኛል» አለ።

«ይታይሃል? ታዲያ ማን ይንጠዋል?»

ሄቨን በሳቅ ፈረሰች። «በል መልስ እንጂ!»

እኔ መቀለዴ አልነበረም። ቅል ይዤ ከእትዬ አልማዜ ጋር በጤዛው ስንሄድ ነው ማን እንደታጨች፣ ማን እንደተኳረፈች የምንሰማው። ያ ሁሉ ወተት ባይነሳ ኖሮ እኛስ ከቤት መቼ እንወጣ ነበር?

«መስመሩ ሲቋረጥስ?» አልኩት።

«አስበውበታል። ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ቅጂውን እዚሁ ያስቀምጠዋል። ሲቆይ ከምንጩ ጠይቆ ራሱ ያድሰዋል።»

«ካልታደሰስ?»

«ያው የድሮውን ያሳያላ።»

 የእትዬ አልማዜ መልክ እኔ ዘንድ ያለው እንደዚያ ነው። ጥርሷ ሙሉ፣ ወገቧ ቀጥ ያለ። ከታደሰ ቆይቷል።

ከመስቀል በፊት ፈቀደ ማሽኑን ሊያገናኝ ለመጨረሻ ጊዜ ወረደ። የድርጅቱ መኪና በዕቃ ስለሞላ ለእኔ ቦታ አልነበረም። ቋጠሮዬ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ጨመርኩና «አንተ ከእንግዲህ እንደማትመጣ ቀስ አድርገህ ንገራት» አልኩት።

ሲመለስ ቋጠሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። እኔው ያሰርኩት ነው፣ አልተፈታም። ቅቤም የለም። 

«ምን ሆነችብኝ?»

«ኧረ ምንም! ተቆጣች እንጂ። ጆሮዋ ላይ ጮኬ ስነግራት ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እስከ ዛሬ የላክሁላት ቅቤ የራሷ የዊጆ ድርሻ ነው። አገር ለቃ ስትሄድ ከዊጆው አላስወጣኋትም። በስሟ ሌላ ቅል ወተት እየጨመርኩ ኖሬያለሁ። አንተ ስለምታመላልስ ዝም አልኩ እንጂ፣ ተረኛዋ ራሷ መናጥ አለባት፤ ቅቤው ተንጦ አይላክላትም። ከመስቀል በኋላ ተራው የእሷ ነው። መጥታ ትናጥ! አለበት ያልከኝንም ሻርፕ ራሷ ታልብሰኝ።›»

ያን ሁሉ ዘመን በስሜ ወተት ስትጨምር እኔ አላውቅም። ቋጠሮውን ይዤ አለቀስኩ።

«እማዬ፣ አያልቅሱ» አለችኝ ሄቨን። ወደ ባሏ ዞራ «አንተስ፣ ቅዳሜህ ነፃ ወጣ አላልክም?»

«ነፃ ወጣ እንጂ» አለ። ወዲያው ግን ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው፤ ከመስቀል በኋላ ያለውን ቅዳሜ አዲሱን ፕሮግራም የሚጠብቅ ሰው ፈልጓል። እኔ ቋጠሮውን ከጠረጴዛው አንስቼ ወደ ጓዳ ልወስደው ተነሳሁ።

ፈቀደ በእጁ ቁጭ በይ አለኝ። «ጌታዬ፣ እጠብቀዋለሁ» አለው ለአለቃው። «ግን ከሆሳዕና ሆኜ ነው። የትም ሆነን እንድናየው አይደል የተሠራው?»

ቅዳሜ በማለዳ አየር ጤና መናኸሪያ የሆሳዕና መኪና ውስጥ አስገቡኝ። ቋጠሮው ጭኔ ላይ ነው፣ አሁንም አልፈታሁትም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጉልበቴን ሳይሆን ሌላ ነገር ፈራሁ። እሷም ዘንድ ያለሁት የድሮዋ ነኝ፤ ቅል ተሸክሜ ከፊቷ የምሮጠው። ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ፀጉሬን ወደ ውስጥ መለስኩ።

«እማዬ፣ ደኅና ነሽ?» አለኝ ፈቀደ።

«ታውቀኝ ይሆን?» አልኩት።