ወደ ጎባ የተላከ የምስጋና ደብዳቤ

የዕለቱን አየር በትክክል አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም። ጎባ ላይ ጭጋግ ወርዶ ነበር እላለሁ፤ ነገር ግን ጎባን ባሰብኩ ቁጥር ጭጋግ ስለሚመጣብኝ ከሌላ ቀን ወስጄው ሊሆን ይችላል። የእንግዳው ካፖርት ቡናማ ይሁን ግራጫ፣ በመንገድ ላይ የነገሩኝ ነገር ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል ይሁን አይሁን፣ ብሳሳት አልደነቅም። በዚያ ቤት የተነገረውን አንድ ቃል ግን ፈጽሞ አልረሳውም ብዬ አምን ነበር። እሱም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ።

እንግዳው ጡረታ የወጡ የእንግሊዝ አምባሳደር ነበሩ። እኔ ሮቤ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የማስተምር፣ በምደባ ከሌላ አካባቢ የመጣሁ ሰው ነኝ። አንድ ባልደረባዬ ለአንድ ቀን እንዳስተረጉምላቸው ሲለምነኝ፣ ቀይ ቀበሮ ለማየት የመጡ ጎብኚ መስለውኝ በቀላሉ እሺ አልኩ። ጠዋት መኪናችን ከባጃጁና ከጋሪው ግርግር እንደወጣ፣ «ከሰዓት በኋላ ጎባ ውስጥ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። ከዚያ በፊት የሳነቴን አምባ ማየት እፈልጋለሁ» አሉኝ።

ሽቅብ ስንወጣ ሕይወታቸውን ነገሩኝ። ሥራ የጀመሩት አዲስ አበባ ነው፤ ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን፣ ከኤምባሲው ዲፕሎማቶች ሁሉ ዝቅተኛው ሆነው። ከዚያ በኋላ እስያ ውስጥ ሁለት አገር፣ አፍሪካ ውስጥ ሌላ ሁለት፤ በመጨረሻም አምባሳደርነት። መንግሥት ሲወድቅ በመስኮት አይተዋል፤ በኤምባሲ ጓሮ ሰነድ አቃጥለዋል፤ ሚስታቸውን ቀብረዋል። ይህን ሁሉ ዘገባ እንደሚያነብ ሰው፣ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም ሳይል ነበር የሚናገሩት።

«የሥራችን ግማሹ ደብዳቤ ነው» አሉኝ። «በተለይ የምስጋና ደብዳቤ። ያስተናገደህን ሰው በሳምንቱ ጽፈህ ካላመሰገንከው ባለጌ ነህ።»

ሳነቴ ላይ ከመኪናው ወርደው ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል ትንሽ ተራመዱ። ነፋሱ ቃላቸውን እየቆረጠ ስለሚወስድብኝ ተጠግቼ ነበር የማዳምጠው። በወጣትነታቸው እዚያ የመጡት በፈረስ ነው። ፈረስ የሚያከራይ አንድ የጎባ ሰው ለሦስት ቀን መርቷቸዋል፤ ከራሱ ስንቅ አካፍሏቸዋል፤ ሲበርዳቸው ጋቢውን አልብሷቸዋል። አዲስ አበባ እንደተመለሱም ባህላቸው እንደሚያዘው በኤምባሲው ወረቀት የምስጋና ደብዳቤ ጻፉለት፤ ሁለቱ ከተራራው ፊት ቆመው የተነሱትንም ፎቶግራፍ አብረው በፖስታ ላኩለት። ደብዳቤው ባለቤቱ እጅ ሳይገባ ተከፈተ። ሰውየው «ለውጭ ሰላይ መንገድ አሳይተሃል» ተብሎ ታሰረ። ሲፈታ አንድ እግሩ አይታጠፍም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከሞተም ቆይቷል።

«መታሰሩን መቼ ሰሙ?» አልኳቸው።

«በሁለተኛው ዓመት። ስለ ባሌ የጻፍኩት ዘገባ ዕድገት አስገኝቶልኝ ወደ ሌላ አገር ልሄድ ስል።» ፊታቸውን ሳያዞሩ ቀጠሉ። «ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት የኤምባሲው ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ አስጠንቅቆኝ ነበር። ‹ይህ ወረቀት ሰውየውን ያስይዘዋል፤ በፖስታ አይላኩት› አለኝ። የፈሪ ወሬ መሰለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንተም ካልተጠየቅኩ አታንሳው።»

ወደ ጎባ መውረድ ጀመርን። በመንገዱ ሁሉ፣ ቢጠየቁስ፣ እያልኩ ነበር።

በቤቱ የሚጠብቀን የሟቹ ፈረስ አከራይ ልጅ ነበር፤ በጎባ ገበያ እህል የሚነግድ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆነው ሰው። አባቱ ሲያዝ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አጠገቡ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ የሚላቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በመካከላችን ባለው ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ያልተነሳ የእንጨት ገበታ ነበር፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸበት ጩኮ መሆኑን ከሽታው ዐወቅኩ። ማንም ብሉ አላለንም።

አምባሳደሩ ከዚያ ጉዞ የቀረቻቸውን አንድ የኦሮምኛ ሰላምታ አወጡ፤ «አካም ቡልታኒ?»

ሐጂ ፈገግ አሉ። «በዘጠኝ ሰዓት ‹እንዴት አደራችሁ› ይለናል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። በል መምህር፣ ንገርልኝ። በእኛ ዘንድ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ተጠያቂው አስቦ እንዲመልስ ነው። አራተኛ የለም፤ ከሦስተኛው በኋላ ለአላህ ሰጥተን እንነሳለን።»

እዚህ ላይ ስህተቱ የእኔ ነው። የሽማግሌ መግቢያ ንግግር መስሎኝ አሳጠርኩትና፣ «ጥያቄ ሊጠይቁዎት ይፈልጋሉ» ብቻ አልኳቸው።

ነጋዴው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠየቀ። «አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ደብዳቤውን ሲልክ አባቴን እንደሚያስይዘው ያውቅ ነበር?»

አስተረጎምኩ። አምባሳደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በዚያ ዘመን አንድ የምስጋና ደብዳቤ እንዲህ ያለ መዘዝ ያመጣል ብሎ ማን ሊገምት ይችል ነበር?»

ይህንንም እንዳለ አስተረጎምኩ። ሳነቴ ላይ የሰማሁትን ግን አላነሳሁም።

«እሱ ይጠይቀኛል እንዴ?» አለ ነጋዴው። «እኔ ነኝ ጠያቂው። ያውቅ ነበር?»

«በደረሰው ነገር የሚሰማኝ ሐዘን ጥልቅ ነው። ይህን ልነግራችሁ ነው ከሩቅ የመጣሁት።»

ሐዘናቸው እውነተኛ ነበር። መልስ ግን አልነበረም። ሐጂ ሁለት ጣት አነሱና ወደ ነጋዴው አዩ። ያን ጊዜ ነው ያስቀረሁትን ያስታወስኩት። ሰውየው ስንት ዕድል እንደቀራቸው አያውቁም፤ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ነጋዴው ለሦስተኛ ጊዜ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። እኔ ከማስተርጎሜ በፊት ወደ አምባሳደሩ ጆሮ ጎንበስ አልኩ። «ጌታዬ፣ በልማዳቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቁት። ይህ የመጨረሻው ነው። አስቀድሜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።» ከዚያ ጥያቄውን ተረጎምኩ።

ውጭ አንድ ጋሪ ሲያልፍ ሰማን። አምባሳደሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አዎ» አሉ። «አስጠንቅቀውኝ ነበር። አላመንኩም፤ ላክሁት።»

ወደ አማርኛ ስመልሰው ድምፄ እንደ ተማሪ ድምፅ ቀጠነ። ነጋዴው ተነስቶ ወጣ። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር። የሄደው መሣሪያ ሊያመጣ ይሁን ሊያለቅስ፣ ሁለቱንም አሰብኩ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱን ታጥቦ ነበር መሰለኝ። ቆሞ የገበታውን ክዳን አነሳና ወደ እንግዳው አስጠጋው።

«ይብላ በለው። ይቅር አልኩ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ገና ነው። እውነቱን የተናገረ ሽማግሌ ግን ጦሙን ከቤቴ አይወጣም።»

አምባሳደሩ በላ። በሉ ማለቴ ነው፤ ያን ጊዜ በውስጤ አንቱታው ጠፍቶብኝ እንደነበር አልክድም።

በማግስቱ ወደ አገራቸው ለመሄድ ከሮቤ ወጡ። ለእኔም በሆቴላቸው የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ በእጃቸው የጻፉት ማስታወሻ ትተውልኝ ነበር፤ ሦስት መስመር ምስጋና። በፖስታ አልላኩትም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነጋዴው ቢሮዬ ድረስ መጣ። ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም።

«መምህር፣ እንዳትቆጣኝ። ያን ቃል ሰውየው ራሱ ነው ያለው? ወይስ አንተ አዝነህልን ነው?»

«ራሳቸው ናቸው ያሉት።»

«ስታንሾካሹክለት አይቼሃለሁ። አፉ ልለው፣ ይቅር ልለው አስቤያለሁ። ግን አፉ የምለው ለተናገረው ሰው ነው፤ ላስተርጓሚው አይደለም። እርግጠኛ ነህ?»

ነኝ ማለት ፈለግኩ። ነገር ግን ቃሉን በአእምሮዬ ስፈልገው የሚመጣልኝ በእኔው አማርኛ፣ በእኔው ድምፅ ነበር። እንግሊዝኛው ጠፍቶብኛል። ሳነቴ ላይ የሰማሁትን ጎባ ላይ ጨምሬው ይሆን? ሳነቴ ላይስ ነፋሱ ያጎደለውን ራሴ ሞልቼው ይሆን?

«አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩት።

ለአምባሳደሩ ጻፍኩላቸው፤ እኔ የማስታውሰውን ሳልነግራቸው፣ ጎባ ላይ ለሦስተኛው ጥያቄ ምን ብለው እንደመለሱ ብቻ ጠየቅኳቸው። በአራተኛው ቀን መልሳቸው በኢሜይል መጣ። «አስጠንቅቀውኝ እንደነበርና እንደላክሁት ተናግሬያለሁ» ይላል። ከሥሩ የዚያ ዘመን የኪስ ማስታወሻቸው አንድ ገጽ በፎቶ ተያይዟል፤ «ጸሐፊው የጎባውን ደብዳቤ አትላክ ይላል። ከንቱ ፍርሃት። ዛሬ ተልኳል።»

ነጋዴው ተመልሶ ሲመጣ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ፤ ስልኬን ተቀብሎም የገጹን ፎቶ አየ። ከዚያ ስልኬን መልሶ፣ «አፉ ብዬሃለሁ በለው» አለኝ። «ከራስህ ምንም አትጨምር።»

ያን መልእክት ከመላኬ በፊት ግን፣ ገጹ በእርግጥ የራሳቸው መሆኑን ለማየት፣ ሆቴሉ ውስጥ የተዉልኝን የምስጋና ማስታወሻ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ከፎቶው ጎን አስቀመጥኩት። የአንዱ ጽሕፈት ፈጣንና የወጣት ነው፤ የሌላው የሚንቀጠቀጥ። የፊደሎቹ አጣጣል ግን፣ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ወደ ታች የምትወርደው ጭረት ሳትቀር፣ አንድ ነው። ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው።