ጠዋት የማይል ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ከቡራዩ ደብዳቤ መጣልኝ። ያመጣው ልጅ የድሮ ሰፈሬ ቡድን ተጫዋች ነው። በሁለት እጁ ሰጠኝና «ጋሼ፣ ዘጠኝ ቁጥር ማልያ በእርስዎ ስም ሊሰቀል ነው። ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ልጁን አቅፎ ይስመው ነበር። እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ መጀመሪያ የፈለግሁት ሰዓቱን ነው። «እሁድ 4:00 ሰዓት» ይላል። ጠዋት አይል፣ ከሰዓት አይል። ልጁን ሸኝቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዘጠኝ ቁጥር ድሮም የእኔ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ሱሉልታ ሄደን በነሐሴ ጭቃ ስንጫወት ቅልጥሜ ተሰበረ። ወጌሻው በሸንበቆ አስሮኝ ሁለት ወር አልጋ ላይ ዋልኩ። አሠልጣኛችን ኦቦ ቶሎሳ ማልያዬን ለጓደኛዬ ለግርማ ሰጡት። ግርማ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣና «እስክትነሳ ነው የምይዝልህ» አለኝ። እናቱ እትዬ በለጡ ደግሞ በየጠዋቱ ትኩስ አጥሚት ያመጡልኝ ነበር፤ ማሩን አብዝተው፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ቆመው ይጠብቁኛል።

ድኜ ሜዳ ስመለስ ግርማ ማልያውን አላወለቀም። «ለመደኝ እኮ! አንተ አሥራ አራትን ልበሳት» አለኝ፣ በሰው ፊት፣ እየሳቀ። የቡድኑ ልጆችም ሳቁ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በእኔ ማልያ ጎል እያገባ ትልቅ ቡድን ወሰደው፤ ከዚያም ውጭ አገር ሦስት ዓመት ተጫውቶ ተመለሰና ከእናቱ ጋር ከተማ ገባ። የእኛ ኮሚቴ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዘጠኝ ቁጥር በግርማ ስም ይሰቀል!» እኔ አሥራ አራት ለብሼ ተቀያሪ ወንበር የማሞቀው፣ እጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ቀን የመቁረጡም ደብዳቤ የመጻፉም ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ።

ቀን መቁረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በክረምት አይሆንም፣ ሜዳው ማጥ ነው። መስከረም መጨረሻ አይሆንም፣ ግማሹ ሰው ለኢሬቻ ይሄዳል። ኅዳር አጋማሽ ካለፈ ጾም ይገባል፤ ለክርስቲያኑ የሚታረደውን በሬ ማን ይበላዋል? ለሙስሊሙ ለብቻ የሚታረድ በግም ነበረ። ተጋጣሚውም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ሜዳው እንዲሞላ ሰበታዎች መምጣት አለባቸው፣ እነሱ በሁለት አውቶቡስ ነው የሚመጡት። እንዲህ እንዲህ እያልን ጥቅምት ውስጥ አንዲት እሁድ ብቻ ቀረችን። ሁልጊዜ ጨዋታችን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነበር፤ ሰበታዎች ሳይመሽብን እንመለስ ስላሉ ግን ወደ ጠዋት አራት ሰዓት ዞረ።

ለእንግዶቹ ሁሉ «ጠዋት 4:00 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ለግርማ ብቻ «4:00 ሰዓት» አልኩና እስክሪብቶዬን ከደንኩ። ከውጭ ከመጣ ወዲህ በፈረንጅ ሰዓት እንደሚሄድ አውቃለሁ። በገዛ እህቱ ሠርግ አራት ሰዓት ቢባል አሥር ሰዓት ላይ፣ ሙሽራዋ ከወጣች በኋላ ነው የደረሰው። እንዲያውም ያን ቀን ጽሑፌ ከወትሮው አምሮ ነበር።

እሁድ ሜዳው ጢም አለ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አራት ተኩል ሆነ፣ ግርማ የለም። ሰበታዎች ማፏጨት ጀመሩ። ኦቦ ቶሎሳ ፊታቸው ጠቁሮ «ነግረኸዋል?» አሉኝ።

«ደብዳቤው ደርሶታል» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

«እንግዲያ ሰው ንቆ የቀረ ማልያው አይሰቀልለትም!» አሉና ዘጠኝ ቁጥርን ወረወሩልኝ። «ኮቱ!» አሉኝ በኦሮምኛ፣ «ና፣ ልበስ!»

ለበስኩት። ከእረፍት በኋላ በዚያው በተሰበረው እግሬ አንድ አገባሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ኳስ እስካቆም ድረስ ማልያውን ማንም አልነካብኝም።

በሬው ተበልቶ ሰው ሲበተን እኔ ቀረሁ። ለማየት ነው የቀረሁት፤ አልዋሽም። አሥር ሰዓት ላይ ታክሲ ቆመና ግርማ በሙሉ ልብስ ወረደ፤ እትዬ በለጡም አዲስ ጥበባቸውን ለብሰው ተከተሉት። ሜዳው ላይ ላሞች ይግጣሉ፣ ውሾች በአጥንት ይናከሳሉ። ግርማ ጭቃ የነካውን ማልያ ገላዬ ላይ አየ። ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ አነበበ።

«ጠዋት አይልም» አለ።

«ከሰዓትም አይልም» አልኩት።

አጥፎ ኪሱ መለሰው። እትዬ በለጡ ግን ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ጠጋ ብለው እግሬን አዩና «እሰይ፣ እግርህ ጨርሶ ዳነልህ?» አሉኝ።

ለግርማ እስከ ዛሬ አላዘንኩም። እትዬ በለጡ ጥበባቸውን ሰብስበው ወደ ታክሲው ሲመለሱ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ያን ሜዳ ዳግም ሳይረግጡት ሞቱ።

አሁን ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን ብቻ አይቼ ነበር፤ ፊርማውን ያየሁት በኋላ ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ግርማ። ባለቤቴ «ደውለህ አጣራ እንጂ» ትለኛለች። አልደውልም። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሙሉ ልብሴን ለብሼ እገኛለሁ፤ ማንም ከሌለ እስከ አሥር እቀመጣለሁ። ተረቱ ግማሹ ውሸት ነው፤ የወጋም አይረሳም።