የጋሽ ደምሴ ግማሽ ቮልስ

ባለፈው ሳምንት አቃቂ በሰቃ፣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ታክሲ ስጠብቅ የቀለምና የቲነር ሽታ ድንገት አፍንጫዬን መታኝ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ጠጋ አልኩ፤ ጋሽ ደምሴ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። ከፋብሪካ ሲመለሱ ቱታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ አሮጌ ቮልሳቸው ይሄዳሉ። መኪናዋ የጓሮውን ግንብ ተጠግታ ነበር የቆመችው። እሳቸው ቀጭን ስለነበሩ በግንቡና በመኪናዋ መሃል ሹልክ ብለው ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚታየን ባርኔጣቸው ብቻ ነው። ላሜራውን ይቀጠቅጣሉ፣ ስቱኮ ይለጥፋሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ። ሲጨርሱ በዚያው በግንቡ በኩል ሸራ ያለብሷታል።

ለእኛ የሚታየው ጎን ግን ያው ዝገት፣ ያው የተሰበረ ፍሬቻ ነበር። ሰፈሩ መቼ ይምራል! «ጋሽ ደምሴ ቲነር የሚገዙት ለሽታው ነው» ይባል ነበር። እሳቸው ስቀው ያልፋሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ግን አንገታቸውን ደፉ። «ባሏ ወሬ እንጂ ሥራ አያውቅም አስባለኝ» ብለው እናቴ ፊት ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በኋላ ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጡ፣ ጉልበታቸውም ደከመ፤ መኪናዋ እንደቆመች ቀረች።

ጋሽ ደምሴ አርፈው ሙት ዓመታቸው ከወጣ በኋላ፣ እትዬ ጽጌ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሊሸጧት ቆረጡ። «ስሙን ያጠፋች ቆርቆሮ፣ ትሂድልኝ!» አሉ። እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ስለነበር «ነይ እስቲ ግፊ» ብለው ጠሩኝ። ከገዢው ጋር ገፍተን ከግንቡ ስናላቅቃት ሸራው ተንሸራቶ ወደቀ።

የግንቡ ጎን ሰማያዊ ነበር። ከፊት መብራቱ እስከ ኋላ ጎማው አንዲት ዝገት የለችበትም።

«ወይ ጉድ!» አለ ገዢው።

እትዬ ጽጌ በሩን በመዳፋቸው ዳበሱት። «አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ብትነግረኝ!» አሉ። ሟቹን ነበር የሚቆጡት፤ እንባቸው ግን ይወርድ ነበር።

ጋሽ ደምሴ እኔን ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ነግረውኝ ነበር፤ ለምን በግንቡ በኩል እንደሚጀምሩ ብጠይቃቸው «ሰው የሚያየውን ካሳመርኩ እመሰገናለሁ፤ ከተመሰገንኩ ደግሞ ሌላውን አልነካውም። ራሴን አውቀዋለሁ ልጄ» አሉኝ። የስንፍና ማመካኛ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ጽጌ ለብረት ገዢው አልሸጧትም። ትንሽ ቆይቶ ኮዬ ፈጬ የሚኖር አንድ መካኒክ የቀረውን ልጨርስ ብሎ ገዛት። በዋጋው ብዙም አልተከራከሩትም። ጎትቶ ሊወስዳት ገመድ ሲያስር ግን ተጠጉት።

«ልጄ፣ በዚህ ከወጣህ ለሰፈሩ የሚታየው ዝገቱ ነው። ስለ እግዚአብሔር፣ በታችኛው መንገድ ዙርልኝ።»

«እዞራለሁ እማማ፣ ምን ችግር አለው» አለ።

መኪናዋ ሰማያዊ ጎኗን ለቤቶቹ ሰጥታ በዝግታ አለፈች። ጎረቤቱ በየበሩ ወጥቶ አየ፤ አንድም የቀለደ አልነበረም። እትዬ ጽጌ እስከ ቅያሱ ድረስ በእግራቸው ሸኟት፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው።