ጥፋቱ ከዕቃቸው አልነበረም

ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ነግሬአለሁ፤ ይህን ግን አንዴም አላነሣሁም። ውሃ ማደል ኃጢአት ይሆናል ብዬ አላሰብኩማ።

ከነገሌ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ የቦኖውን ውሃ የማጣራው እኔ ነበርኩ። ውሃው የሚሳበው ዝናብ ከሚሞላው ኩሬ ነው። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በርሜሉ ላይ ከተጻፈውና ከአሮጌ መጽሐፍ ለቃቅሜ ነው የያዝኩት። ቅደም ተከተሉን ግን አሳምሬ አውቅ ነበር። መጀመሪያ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ቀጥሎ ውሃው በአሸዋ ይጣራል፣ ክሎሪን መጨረሻ ላይ ነው።

ጋና በሚሉት ዋናው የዝናብ ወቅት ጎርፉ ቅጠልና የከብት እበት ጠርጎ ኩሬው ውስጥ ከተተው። ሰልፉ ረዘመ፤ ሰዉ ጮኸብኝ። እኔም ድፍርሱ ሳይዘቅጥ ክሎሪኑን ጨመርኩበት። እድፉ ዋጠው። ደግሜ ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። በየዓመቱ ጋና እንዲሁ አደረግሁ።

አዴ ቃባሌ፣ አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው፣ ወተት ሸጠው ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። አንድ ቀን ከቦኖው በመዳፋቸው ቀድተው ቀመሱና ተፉት።

«ያንተ ውሃ ምን ነክቶታል? መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልስጣት?»

ምን መለስኩ?

«አዴ፣ ጥፋቱ ከዕቃዎ ነው። እንደ ወተት ዕቃ እያጠኑት ውሃው ጢስ ጢስ አለ። ንጹሕ ነው፣ ይስጧት።»

ሰልፈኛው ሳቀ። አንድ ወታደር «እማማ፣ ደግሞ ውሃም ይታጠናል?» አላቸው። እዚህ አገር አንዲትን ሴት ዕቃሽ ይሸታል ማለት ቤትሽ ቆሻሻ ነው ማለት ነው። አዴ አንገታቸውን ደፍተው ጄሪካናቸውን ሞሉ።

ጄሪካኑ ገና ባዶ ነበር እኮ! የቀመሱት በመዳፋቸው ነበር። እኔ ቆሜ አይቻለሁ። እያየሁ ነው የዋሸሁት።

ከዓመታት በኋላ ነው ያነበብኩት። ክሎሪን ከበሰበሰ ቅጠልና ከእበት ጋር ሲገናኝ ሌላ ነገር ይወልዳል፤ ለዓመታት ሲጠጣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ፣ ለነፍሰ ጡርም የሚያሰጋ ነገር። ያንኑ ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቃሉ አልተለወጠም። ክሎሪኑን አልከስስም፤ ያለ እርሱ ተቅማጡ ስንቱን ይጨርስ ነበር። ቅደም ተከተሉን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የሰው አፍ ያወቀውን ጣዕም በሳቅ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ።

አዴ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያኔ በምራታቸው ሆድ የነበረው የልጅ ልጃቸው ጉልበታቸውን ይዞ ቆሟል። ሰምተው ሲያበቁ «ይሄ ልጅ እንግዲህ ምን ይሆናል?» አሉኝ።

አላውቅም። ያንን ውሃ የመረመረ የለም፤ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ሊሆንም ይችላል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ልጁን ቀስ ብለው ወደ ጉያቸው ሳቡት፤ ከእኔ አራቁት። የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ሳልጠይቅ ወጣሁ።